ሽልንግ፦ አንድ ስም፣ አምስት ገንዘብ

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች በአንድ የጋራ ገንዘብ ለመገበያየት ካምፓላ ላይ የተፈራረሙት በኖቬምበር 2013 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለዝግጅቱ የተሰጠው ጊዜ አሥር ዓመት ነበር። አሥሩ ዓመት አለፈ፤ ገንዘቡ አልመጣም፤ አሁን የሚጠቀሰው ዓመት 2031 ነው። በ2024 ሶማሊያ ስምንተኛ አባል ሆና ስትገባ ደግሞ ነገሩ በእኛም ዘንድ መነጋገሪያ ሆነ። ኬንያም ሽልንግ፣ ኡጋንዳም ሽልንግ፣ ታንዛኒያም ሽልንግ፣ ሶማሊያም ሽልንግ ከሆነ፣ ግማሹ መንገድ ተጠናቋል ማለት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይሰማል።

አይደለም። ጥያቄው ግን ከንቱ አይደለም፤ ከአንድ እውነተኛ ታሪክ የሚነሳ ነው። ከሶማሊያ በቀር ሦስቱ አገሮች ከአርባ ዓመት በላይ በእርግጥ አንድ ሽልንግ ነበራቸው፤ ለጥቂት ዓመታት ኢትዮጵያም ተጠቅማበታለች። ዛሬም ቃሉ በአገራችን ውስጥ እንኳ እንደ ቦታው ትርጉሙን ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሞያሌ ላይ የኬንያ ገንዘብ ነው። ቶጎ ውጫሌ ላይ ደግሞ የሶማሌላንድ። ስሙ ከየት ተነስቶ እንዴት እንደተበተነ መረዳት፣ የጋራ ገንዘብ የሚባለው ነገር ምን እንደሚጠይቅም ለመረዳት ይረዳል።

ከሳንቲሙ በፊት የመጣ ስም

ሽልንግ በእንግሊዝ ምድር ከሳንቲምነቱ በፊት የሂሳብ መለኪያ ነበር። የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት በ600 አካባቢ ያወጣው ሕግ የአካል ጉዳት ካሳን የሚተምነው በሽልንግ ነው፤ አውራ ጣት ለቆረጠ 20 ሽልንግ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ለነቀለ 3 ሽልንግ። በዚያ ዘመን ግን በዚህ ስም የሚጠራ ሳንቲም በማንም እጅ አልነበረም። ካሳ ከፋዩ በወርቅም በከብትም ቢከፍል ሽልንግ የዕዳው ልክ መጠሪያ ብቻ ነበር። ልኩም ከግዛት ግዛት ይለያይ ነበር፤ በዌሴክስ አንድ ሽልንግ 5 ፔኒ፣ በመርሲያ 4 ፔኒ ነበር። 12 ፔኒ ሆኖ የረጋው ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው። 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ የሚለው ሥርዓት ከዚያ ወዲህ ሳይናወጥ እስከ 1971 ዘለቀ።

በዚህ ልክ የመጀመሪያው ሳንቲም የተቀረጸው በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ዘመን ነው። የንጉሡ ራስ ስለተቀረጸበት መጀመሪያ ቴስቱን ይባል ነበር፤ ሽልንግ የሚለው የሂሳብ ስም በሳንቲሙ ላይ ያረፈው በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በ1816 በተደረገው ታላቅ የሳንቲም ማሻሻያ ክብደቱ ተወሰነ፤ በ1920 የብር ማዕድኑ መጠን ወደ ግማሽ ወረደ፤ በ1947 ብሩ ጨርሶ ወጥቶ በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ተተካ። ሳንቲሙ እንዲህ ከውስጡ እየተለወጠ ሲሄድ የሕዝቡ አነጋገር ግን አልተለወጠም። “የንጉሡን ሽልንግ ወሰደ” ማለት ለውትድርና ተመዘገበ ማለት ነበር፤ ለምልምሉ በመጀመሪያ የሚሰጠው ገንዘብ አንድ ሽልንግ ነበርና። በኑዛዜ አንድ ሽልንግ ብቻ የተወለት ልጅ ደግሞ ከውርስ ተነቅሏል ማለት ነው። በመንገድ ላይ ሽልንግ “ቦብ” ይባል ነበር፤ ይህ ቅጽል ከለንደን ይልቅ ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ሕያው ነው።

ብሪታንያ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ወደ አሥርዮሽ ሥርዓት ስትሸጋገር ሽልንግ በሕግ ቀረ፤ ልኩ 5 አዲስ ፔንስ ተባለ። ሳንቲሙ ግን ከአዲሱ 5 ፔንስ ጋር በመጠንም በክብደትም እኩል ስለነበር፣ 5 ፔንሱ እስካነሰበት እስከ 1990 ድረስ አብሮ ሲዘዋወር ኖረ።

ከሩፒ ወደ ሽልንግ

ሽልንግ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ቦታው ባዶ አልነበረም። በዛንዚባርም ሆነ በሞምባሳ ንግዱን የያዘው የህንድ ሩፒ ነበር፤ የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድም ሲዘረጋ የህንድ ሠራተኞች በሩፒ ይከፈላቸው ነበር። አንድ ሩፒ 16 የእንግሊዝ ፔኒ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብር ማዕድን ዋጋ ሲንር ሩፒም አብሮ ወጣና ከ24 ፔኒ አለፈ። ይህ በኬንያ ለሰፈሩት ነጭ ገበሬዎች ትልቅ ጭንቀት ነበር። ምርታቸውን የሚሸጡት በፓውንድ፣ የባንክ ዕዳቸውና የሠራተኛ ደመወዛቸው በሩፒ ስለነበር አንድም ተጨማሪ ነገር ሳይበደሩ ዕዳቸው አደገ።

የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት በ1920 ሩፒውን በ2 ሽልንግ አጽንቶ ፍሎሪን በሚባል ገንዘብ ተካው። ፍሎሪኑ ብዙም አልቆየ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መጣ። ከእንግሊዝ ሽልንግ ጋር እኩል፣ 20ው አንድ ፓውንድ፤ ነገር ግን በ12 ፔኒ ሳይሆን በ100 ሳንቲም የተከፈለ። በአንድ ገጹ በተራሮች ፊት የቆመ አንበሳ፣ በሌላው የእንግሊዝ ንጉሥ ነበረበት። የብር ማዕድኑ ከመቶ 25 ብቻ ነበር።

ገንዘቡን የሚያወጣው በ1919 የተቋቋመውና መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ነው። የገንዘብ ቦርድ ከማዕከላዊ ባንክ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። ማዕከላዊ ባንክ እንደ ኢኮኖሚው ሁኔታ ገንዘብ ሊያበዛ፣ ሊቀንስ፣ ለመንግሥት ሊያበድር ይችላል። ቦርድ ይህን አይችልም። ለንደን ላይ አንድ ፓውንድ ሲገባለት 20 ሽልንግ ይለቃል፤ 20 ሽልንግ ሲመለስለት አንድ ፓውንድ ይሰጣል። በአገሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ መጠን የሚወሰነው ቡናው፣ ጥጡና ቃጫው ውጭ አገር በተሸጠው ልክ ነው ማለት ነው። መተማመኛው ጠንካራ ነበር፤ ሽልንጉን የተጠራጠረ አልነበረም። ዋጋው ደግሞ ከባድ ነበር፦ ለመጠባበቂያ የተቀመጠው ሀብት በብሪታንያ ሰነዶች ላይ ይውላል እንጂ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ውስጥ መንገድ አይሠራበትም። የዓለም ገበያ ሲወድቅም ገንዘብ ከገበያው ይጠፋል፤ የሚያስተካክለው አካል የለም።

የዛሬ የጋራ ገንዘብ ደጋፊዎች “ከዚህ በፊት ሠርቶልናል” ሲሉ የሚያነሱት ይህን ዘመን ነው። ሠርቷል። የሠራው ግን በአራቱ ግዛቶች፣ ማለትም በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንጋኒካና በዛንዚባር ላይ ውሳኔ የሚሰጠው አንድ የባዕድ መንግሥት ስለነበር ነው። ይህንን ክፍል ማለፍ አይገባም።

ሽልንግ በኢትዮጵያ

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ የኢትዮጵያ ገበያ የተደበላለቀ ነበር። የጣሊያን ሊሬ ነበር፤ ገበሬው ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገቡ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የግብፅ ፓውንድና የህንድ ሩፒም ነበሩ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በዚያው ዓመት ሽልንጉ ሕጋዊ መገበያያ ሆነ።

እንግሊዞች ከዚህም አልፈው ኢትዮጵያ የምታወጣው ገንዘብ በለንደን ቦርድ እንዲተዳደርና መጠባበቂያው በስተርሊንግ እንዲቀመጥ ፈልገው ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ይህን አልተቀበለም። ከአምስት ዓመት ወረራ የወጣ አገር የገንዘቡን ቁልፍ ለሌላ ቢሰጥ ነጻነቱ የወረቀት እንደሚሆን ግልጽ ነበር፤ በዘመኑ ከተወሰኑት ውሳኔዎች መካከል በቂ ክብር ያላገኘ አንዱ ይህ ይመስለኛል። ድጋፉ የተገኘው ከአሜሪካ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በጦርነቱ ዘመን የብድርና ኪራይ ሕጓ አማካይነት የብር ማዕድን ሰጠች፤ ከዚህም የሃምሳ ሳንቲም ሳንቲሞች ፊላደልፊያ ውስጥ ተቀረጹ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ዋለ። በእንግሊዝኛ ዶላር ቢባልም በአማርኛ ያኔም ብር ነበር።

ምንዛሪው አንድ ብር በ2 የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። ስለዚህ ሃምሳ ሳንቲም በትክክል አንድ ሽልንግ ሆነ። አሮጌው ገንዘብ እስኪሰበሰብ ሁለቱ በገበያ ጎን ለጎን ስለዋሉ፣ ሻጩም ገዢውም የሚያውቀውን ስም በአዲሱ ሳንቲም ላይ አኖረ። የሚገርመው ለግማሽ ብር አገርኛ ስም አልጠፋም ነበር፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አላድ ይባል ነበር። ሽልንግ አላድን ያሸነፈው በአዋጅ አይደለም፤ በዚያች አጭር የሽግግር ጊዜ ሰዉ በየቀኑ የሚመነዝረው በሽልንግ ስለነበር ነው የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው።

የሳንቲሙ ክብር ምን ያህል እንደነበር የሚያሳይ ነገር አለ። ከእርሱ ጋር የወጣው የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ማለትም ስሙኒ፣ ክብና በመጠን ለሃምሳው የቀረበ ነበር። ስሙኒውን ነጭ ቀለም እያስቀቡ እንደ ሽልንግ የሚያሳልፉ በዙ። መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል በተሸነሸነ ሌላ ሳንቲም ተካው፤ በጨለማም ቢሆን ጣት እንዲለየው። ሰው እንዲህ የሚደክመው ዋጋ ላለው ነገር ነው። በ1937 ዓ.ም. አንድ ሽልንግ ወደ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት 120 ብር ሲደርስ፣ ያው ሃምሳ ሳንቲም ከግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሆነ። ዛሬ በታክሲም በሱቅም ሽልንግ መልስ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

አንዱ ሽልንግ እንዴት ተበተነ

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ነጻ ከወጡ በኋላ የጋራ ገንዘቡን ለማስቀጠል ተነጋግረው ነበር። ያልተስማሙበት ጉዳይ ዛሬም ያልተፈታው ነው፦ ማን ይወስን? የታንዛኒያ የልማት ዕቅድ መንግሥት በስፋት እንዲያወጣ ይፈልግ ነበር፤ ኬንያ ለውጭ ባለሀብት መረጋጋትን ታስቀድም ነበር። በ1966 ሦስቱም የየራሳቸውን ማዕከላዊ ባንክና የየራሳቸውን ሽልንግ አወጡ። ስሙንና መቶ ሳንቲሙን አልቀየሩም፤ ለጥቂት ዓመታትም አንዱ ለአንዱ እኩል ተመነዘረ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የየአገሩ ታሪክ ነው። ኡጋንዳ በኢዲ አሚን ዘመን ነጋዴዎቿን አባረረች፤ ቀጥሎ በጦርነት ታመሰች፤ በ1987 ከገንዘቧ ላይ ሁለት ዜሮ ለመቁረጥ ተገደደች። ታንዛኒያ ከኡጋንዳ ጋር ያደረገችው የካጌራ ጦርነትና የመንግሥት ንግድ ኪሳራ ተደራረቡባት። ኬንያ ከሁሉ ተሽላ ዘለቀች ቢባልም፣ በ1966 ዶላር በ7 ሽልንግ ገደማ ይገዛ የነበረው ዛሬ 129 አካባቢ ነው። በግርድፉ ሲሰላ አንድ ዶላር 3,600 ገደማ የኡጋንዳ፣ 2,500 ገደማ የታንዛኒያ ሽልንግ ያወጣል። ከአንድ ቦታ በአንድ ዓመት የተነሱ ሦስት ገንዘቦች ናቸው፤ የለያያቸው ከጀርባቸው ያሉት መንግሥታት በጀት፣ ጦርነትና የማተሚያ ማሽን አጠቃቀም ነው።

አውጪ የሌለው ሽልንግ

የሶማሊያ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የቀድሞው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ደቡቡ ደግሞ ሶማሎ በተባለ በጣሊያን ሞግዚትነት ዘመን በወጣ ገንዘብ ይጠቀሙ ነበር። ከ1960ው ውህደት በኋላ የሶማሊያ ሽልንግ ሁለቱን ተካ። በ1991 መንግሥት ሲፈርስ ማዕከላዊ ባንኩም ፈረሰ። ገንዘቡ ግን መዘዋወሩን አላቆመም፤ ኢኮኖሚስቶች እስከ ዛሬ የሚመረምሩት አስደናቂ ክስተት ነው። የጦር አበጋዞችና ነጋዴዎች በውጭ አገር እያሳተሙ ያስገቡት ኖት በዛና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ከሚዘዋወረው ኖት ከመቶ 98 ያህሉ ሐሰተኛ እንደሆነ ገመተ።

ሐሰተኛ እየበዛ ዋጋው ለምን ዜሮ አልሆነም? መልሱ በወጪው ላይ ነው። ሐሰተኛ ማተም የሚያዋጣው የኖቱ የመግዛት አቅም ከማተሚያውና ከማጓጓዣው ወጪ እስከበለጠ ድረስ ነው። ባለ 1,000ው ሽልንግ ወደ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ሲወርድ ማተሙ አክሳሪ ሆነ፤ የኖቱ ቁጥር መጨመሩን አቆመ፤ ዋጋውም እዚያው ረጋ። ሌሎቹ ኖቶች ከገበያ ጠፍተው የቀረው ይህ አንዱ ነው፤ ትልልቁ ግብይት በዶላርና በስልክ ይካሄዳል። ሃርጌሳ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ የራሷን የሶማሌላንድ ሽልንግ ታወጣለች። ከበርበራ የሚመጣ ዕቃ የሚገዛ የጅግጅጋ ነጋዴ ሽልንግ ሲል የሚያስበው ይህን ነው፤ ከሞቃዲሾው ጋር ቢያምታታው ኪሳራው የራሱ ነው።

የጋራ ገንዘብ ክርክር

የጋራ ገንዘብ ደጋፊዎች መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ከካምፓላ ሞምባሳ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ በእያንዳንዱ ምንዛሪ ይከስራል፤ የምንዛሪ መዋዠቅ የውል ዋጋን ያናጋል፤ ትናንሽ ገንዘቦች ለግምታዊ ንግድ ይጋለጣሉ። በአንድ ገንዘብ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ተጠራጣሪዎቹ የሚያነሱት የአገሮቹን አለመመሳሰል ነው። ደቡብ ሱዳን በነዳጅ፣ ኮንጎ በማዕድን፣ ኬንያ በሻይ፣ በአበባና በአገልግሎት ይተዳደራሉ። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ጁባ ገንዘቧን ማርከስ ትፈልጋለች፤ ናይሮቢ ግን በዚያው ወር ተቃራኒውን ልትፈልግ ትችላለች። በጋራ ገንዘብ ውስጥ ይህ ምርጫ የለም። ግሪክ በዩሮ ውስጥ ሆና ከ2010 ጀምሮ የከፈለችው መሥዋዕትነት ይህን ያሳያል፤ ዩሮ ደግሞ ከዚህ አካባቢ እጅግ የጠነከሩ ተቋማት ነበሩት።

የካምፓላው ስምምነት ይህን አደጋ ያውቃል። ስለዚህ አባላቱ አስቀድመው እንዲያሟሉ መስፈርቶች አስቀምጧል፦ የዋጋ ግሽበት ከመቶ 8 እንዳይበልጥ፣ የበጀት ጉድለት እርዳታን ጨምሮ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከመቶ 3 እንዳያልፍ፣ የመንግሥት ዕዳ በአሁን ዋጋው ሲሰላ ከመቶ 50 በታች እንዲሆን፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችት 4 ወር ተኩል የገቢ ዕቃ እንዲሸፍን። ከመካከላቸው አንዱን ወይም ሁለቱን የሚያሟላ አገር ይገኛል፤ ሁሉም አባላት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሟልተው አያውቁም። ከስምንቱ አባላት አራቱ ሽልንግ፣ ሦስቱ ፍራንክ፣ አንዷ ፓውንድ የምትጠቀም መሆኗም የስም አንድነቱ ራሱ ግማሽ ብቻ እንደሆነ ያስታውሳል።

በእኔ ግምት 2031 ለሁሉም አባላት የሚደረስበት ቀን አይደለም። ይበልጥ ሊሆን የሚችለው ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሩዋንዳ ቀድመው የሚጀምሩበት፣ ሌሎቹ የሚጠብቁበት አካሄድ ነው፤ ስምምነቱም ዝግጁ የሆኑ አገሮች እንዲጀምሩ በር ይከፍታል። እስከዚያው ለነጋዴው ፈጥኖ የሚጠቅመው ድንበር ተሻጋሪ ክፍያ ነው። የማዕከላዊ ባንኮቹን የክፍያ ሥርዓቶች የሚያገናኘው መስመር ከአሥር ዓመት በፊት ተዘርግቷል፤ ሰዉ ግን በተንቀሳቃሽ ስልክ መላላክን መርጧል።

ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው

ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም፤ ብሩም ወደዚህ ውይይት አልገባም። ጉዳዩ የሚነካት በድንበሮቿ በኩል ነው። ሞያሌ ላይ ብርና የኬንያ ሽልንግ በአንድ ጉሊት ይዘዋወራሉ፤ የቁም ከብት፣ ጫትና የፋብሪካ ሸቀጥ በሁለቱም ይዋዋሏቸዋል። የኬንያ ሽልንግ በጋራ ገንዘብ ቢተካ በእጅ ያለው ኖት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተመነዘረ ዋጋ ያጣል፤ ድንበር ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚነግድ፣ በኬንያ ባንክ ሂሳብ የሌለው ሰው ቀዳሚው ተጎጂ ነው። በዱቤ መዝገብ ላይ “ሽልንግ” ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዕዳም ያከራክራል።

አዲሱ ገንዘብ ሽልንግ የሚለውን ስም ቢወርስ ደግሞ ክርክሩ ይብሳል። አንድ የኬንያ ሽልንግ 28 ያህል የኡጋንዳ ሽልንግ በሚመነዘርበት ሁኔታ፣ የአንዱ አገር ሕዝብ አሮጌውን በአዲሱ አንድ ለአንድ ሲለውጥ የሌላው 28 አስረክቦ አንድ ይቀበላል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ማንም አልተበደለም። ካምፓላ ገበያ ውስጥ ግን ይህን ለማስረዳት በቂ ጊዜ፣ በቂ የባንክ መስኮትና በሁለት ዋጋ የተለጠፈ ሸቀጥ ያስፈልጋል፤ የዩሮ አገሮች ለዚህ ሦስት ዓመት ወስደዋል።